ትኩሳቱ ሲበርድ ባትዎን ይለኩ፦ ከቫይረስ ሕመም ጋር የሚመጣ የደም መርጋት

የቫይረስ ሕመም ሲይዘን ዓይናችን ቴርሞሜትሩ ላይ ነው። ትኩሳቱ ወርዶ ሳሉ ቀለል ሲል «አለፈልኝ» እንላለን። ደማችን ግን ከትኩሳቱ ጋር እኩል አያገግምም። በስዊድን ኮቪድ-19 የያዛቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በእግር ጥልቅ ደም መልስ ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ እስከ 3 ወር፣ የረጋው ደም ሳንባ ላይ የመድረስ አደጋ ደግሞ እስከ 6 ወር ከተለመደው በላይ ሆኖ ቆይቷል። በካናዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት እንደሚለው፣ ኢንፍሉዌንዛ በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ባሉት 7 ቀናት ሃርት አታክ የመከሰት ዕድል ወደ 6 እጥፍ ያድጋል።

በቤቱ ተኝቶ የሚያገግም አብዛኛው ሰው ደሙ አይረጋበትም። ከሚረጋበት ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታይ ምልክት አለ፤ ምልክቱን የሚያውቅ ሰው በሰዓታት ልዩነት ሕይወት ያተርፋል።

ቫይረሱ ደሙን የሚያረጋው እንዴት ነው?

ሩዶልፍ ቪርኾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካጠናቸው ነገሮች አንዱ የደም መርጋት ነበር። ዛሬም በስሙ የሚጠራው ትምህርት ደም ያለቦታው እንዲረጋ የሚያደርጉ ሦስት ነገሮች አሉ ይላል፦ የደም ሥሩ ግድግዳ ሲጎዳ፣ የደሙ ፍሰት ሲቀዘቅዝ፣ የደሙ ይዘት ራሱ ለመርጋት ሲያደላ። ከባድ የቫይረስ ሕመም ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይነካል።

ከግድግዳው እንጀምር። የደም ሥር ውስጠኛ ገጽ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የተለበጠ ነው። ይህ ልባስ ጤናማ ሲሆን ደም እንዳይጣበቅበት የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮች ያመነጫል። ቫይረሱ በቀጥታ ወይም ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ በሚነሣው ብግነት ልባሱ ሲጎዳ ጠባዩ ይገለበጣል፤ ቮን ቪሌብራንድ ፋክተር የተባለ ረጅም ፕሮቲን ይለቃል። ፕሮቲኑ እንደ መንጠቆ ነው፤ የሚያልፉትን ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ተጣብቀው መድማትን የሚያቆሙትን ጥቃቅን የደም ሕዋሳት፣ እየያዘ ግድግዳው ላይ ይሰካቸዋል።

በዚያው ሰዓት ሞኖሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ቲሹ ፋክተር የሚባል ፕሮቲን ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ቲሹ ፋክተር የመርጋት ሂደት ክብሪት ነው። እሱ ሲጫር ትሮምቢን ይመረታል፣ ትሮምቢኑም ደም ውስጥ ሟሙቶ ያለውን ፋይብሪኖጅን ወደ ፋይብሪን ክር ይለውጣል፤ ክሩ ሕዋሳቱን ጠልፎ ጓል ይሠራል። ኒውትሮፊል የተባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳትም አሉበት። እነዚህ ሕዋሳት የራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ መረብ ወደ ውጭ እንደሚዘረጉ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ። መረቡ ተሕዋስያንን ለማጥመድ የተዘረጋ ቢሆንም ፕሌትሌትና ቀይ የደም ሕዋስም ይያዝበታል።

እንግዲህ መርጋቱ በመሠረቱ መከላከያ ነው፤ ሰውነት ወራሪው እንዳይሰራጭ በር እየዘጋ ነው። ጉዳት የሚሆነው ፍሬኑ ሲላላ ነው። አንቲትሮምቢንና ፕሮቲን ሲ የተባሉት የተፈጥሮ ፍሬኖች በከባድ ብግነት ጊዜ ይቀንሳሉ፤ የረጋውን ደም መልሶ የሚያሟሟው ሥርዓትም ይታገዳል። ጉበት ደግሞ ፋይብሪኖጅን አብዝቶ ያመርታል። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ በሊትር ከ2 እስከ 4 ግራም ያህል የሚገኘው ፋይብሪኖጅን ከዚያ በላይ ይወጣል። በዚህ ላይ በሽተኛው ለቀናት ተኝቷል፣ አልቧል፣ ውኃም በበቂ አልጠጣም። ከእግር ወደ ልብ ደም የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ እግር ካልተንቀሳቀሰ ደሙ ጥልቁ ደም መልስ ውስጥ ይተኛል።

ቫይረስ ሁሉ አንድ አይደለም

ለብዙ ስሕተት መነሻው ይህን አለማወቅ ነው። ኮቪድ-19 እና ከባድ ኢንፍሉዌንዛ ወደ መርጋት ያደላሉ። በኤችአይቪ ምክንያት ለዓመታት የሚቆይ ብግነትም የመርጋት አደጋን ከፍ ያደርጋል፤ ቫይረሱ በመድኃኒት ሲቆጣጠሩት ብግነቱ ይቀንሳል። ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ አንዳንድ ጊዜ የሆድ ዕቃ ደም መልሶችን ይዘጋል፤ ምልክቱ የእግር እብጠት ሳይሆን የማይለቅ የሆድ ሕመም ነው።

ደንጊ ሌላ ነው። ፕሌትሌት ይቀንሳል፣ የደም ሥሮች ፈሳሽ ያፈሳሉ፣ መድማት ይመጣል። በኢቦላ ደግሞ መርጋትና መድማት አብረው ይሄዳሉ፤ በየትንንሹ የደም ሥር ውስጥ ደሙ ሲረጋ ፕሌትሌቱና የመርጊያ ፕሮቲኖቹ ያልቃሉ፣ ከዚያም የሚያቆመው ነገር ስለሌለ ሰውየው ይደማል። ስለዚህ «ቫይረስ ደም ያረጋል» የሚለውን ብቻ ሰምቶ አስፕሪን ወይም የደም ማቅጠኛ በራስ መጀመር ሊገድል ይችላል። የያዘው ደንጊ ከሆነ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም የመድማቱን አደጋ ያባብሳሉ። ትኩሳቱ የምን እንደሆነ እስኪታወቅ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፦ ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም፣ በ4 እስከ 6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4000 ሚሊግራም ሳያልፍ። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ወይም የጉበት ችግር ያለበት ሰው ያነሰ መጠን ስለሚያስፈልገው ፋርማሲስት ይጠይቅ። የቫይረስ ሕመም ላለበት ሕፃን አስፕሪን አይሰጥም፤ ሬይ ሲንድረም የተባለ አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

አስፕሪንን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር፤ ጥያቄው አሁንም ስለሚነሣ። በእንግሊዝ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለው ትልቅ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ውጤት፣ በኮቪድ-19 ሆስፒታል ለተኙ ሰዎች አስፕሪን መጨመር ሞትን አልቀነሰም። ከዚያ በፊት ለልብ ወይም ለስትሮክ በሐኪም የታዘዘለት ሰው ግን ስለታመመ ብቻ ማቋረጥ የለበትም።

በይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት ማን ነው?

ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው ከሁሉም ይቀድማል። ካንሰር ያለበት ወይም በሕክምናው ላይ ያለ፣ ነፍሰ ጡር፣ ከወለደች 6 ሳምንት ያልሞላት፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ወይም ሆርሞን የምትወስድ ሴት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም እግሩ በጀሶ የታሰረ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለበት፣ በዕድሜ የገፋ፣ ወላጁ ወይም ወንድሙ ወይም እኅቱ ደም የረጋበት ሰው ሁሉ በዚህ ይካተታል። ከእነዚህ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ከተገናኙና ሰውየው ከ3 ቀን በላይ አልጋ ላይ ከዋለ፣ ምልክት ሳይጠበቅ ሐኪም ማማከር ተገቢ ነው።

በቤት ተኝተው ሳሉ

ነቅተው ባሉበት በየሰዓቱ ይነሡና ለጥቂት ደቂቃ ቤት ውስጥ ይራመዱ። መነሣት ካልቻሉ አልጋ ላይ እንዳሉ የእግር ጣቶችን ወደ ራስ ይሳቡ፣ ከዚያ ወደ ታች ይግፉ፤ በእያንዳንዱ እግር 20 ያህል ጊዜ፣ በየሰዓቱ። ባትዎ ሲጠነክርና ሲላላ ሊሰማዎት ይገባል፤ ካልተሰማዎት እንቅስቃሴው የጣት ብቻ ሆኗል ማለት ነው፣ ከቁርጭምጭሚት ያድርጉት። ትራስ ጉልበት ሥር ብቻ አይደግፉ፤ ከጉልበት ጀርባ ያለውን ደም መልስ ይጫናል። እግር ከፍ ማድረግ ከፈለጉ ትራሱ ከባት እስከ ተረከዝ ይዘርጋ።

ውኃ በብዛት ይጠጡ፤ ሽንቱ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮብዎት ፈሳሽ የተመጠነልዎ ከሆነ ግን በተመጠነልዎ ይጽኑ።

የደም ማቅጠኛ ቀድሞ የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ሲይዘው፣ ምግብ ሲያስጠላው ወይም አንቲባዮቲክ ሲጀምር የመድኃኒቱ ኃይል ከልክ በላይ ሊወጣ ስለሚችል አይኤንአር የተባለው፣ ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካው ምርመራ በቅርብ ቀን ይደገም። ሪቫሮክሳባን ወይም አፒክሳባን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሪቶናቪር ያለበት የኮቪድ መድኃኒት ሲታዘዝለት የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሪቶናቪር የማቅጠኛውን መጠን ደም ውስጥ ከፍ አድርጎ ያደማል።

ባትን መለካት

በዓይን ግምት እግር አብጧል አላበጠም ማለት አስተማማኝ አይደለም። የሚያስፈልገው ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበት ለስላሳ ሜትር፣ እስክሪብቶና ወረቀት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ልኬት ሕመሙ እንደ ጀመረ ይውሰዱ፤ በተፈጥሮም ቢሆን አንዱ ባት ከሌላው በመጠኑ ሊወፍር ስለሚችል መነሻውን ማወቅ ይጠቅማል።

ጠዋት፣ ብዙ ሳይቆሙ፣ እግርዎን ዘርግተውና አላልተው ይቀመጡ። ከጉልበት ሎሚ በታች ፊት ለፊት በጣት የምትዳሰስ የአጥንት ጉብታ አለች። ከእሷ ወደ ታች 10 ሴንቲሜትር ለክተው በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ። ሜትሩን ምልክቱ ላይ ዙሪያውን ያዙሩት፤ ቆዳውን ይንካ እንጂ አያስርጉደው፣ ከኋላም ወደ ታች አይዘንበል። ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ ሁለቱ ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ ከተለያዩ ሜትሩ ዘንብሏልና ይድገሙት። ከዚያ ሌላውን እግር በዚያው ርቀት ላይ ይለኩ። ቀኑን፣ የቀኙንና የግራውን ቁጥር ይጻፉ።

ከሌላው ከ3 ሴንቲሜትር በላይ የወፈረ ባት ሐኪሞች ራሳቸው ነጥብ የሚሰጡት ምልክት ነው፤ በዚያው ቀን ይታዩ። ልዩነቱ ከ3 በታች ነው ማለት ግን ደም አልረጋም ማለት አይደለም። ባቱ ወይም ጭኑ ውስጥ ለውስጥ የሚያም፣ ሲራመዱ የሚብስ ከሆነ ቁጥሩን ትተው ይሂዱ። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ የእጅዎን ጀርባ በሁለቱም እግሮች ላይ ያሳርፉና ሙቀታቸውን ያወዳድሩ፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጭ እንደሆነም ይዩ። የቁርጥማት ያህል የሚያመው የጡንቻ መኮማተር ሲወጠር በደቂቃዎች ይለቃል፤ የረጋ ደም ሕመም ግን ለሰዓታትና ለቀናት ይቆያል።

ያመመውን ባት አይሹ፣ በማንም አያሳሹ። ጓሉ ከቦታው ተላቅቆ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

ወዲያው የሚያስነሡ ምልክቶች

ድንገት የመጣ የትንፋሽ ማጠር፣ በረጅሙ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ዕረፍት ላይ ሆነው ከ100 በላይ የሚመታ ልብ፣ ደም ያለበት አክታ፣ ራስን መሳት፦ እነዚህ የረጋ ደም ሳንባ ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ካለዎት ጣትዎን አሙቀው፣ የጥፍር ቀለም አስለቅቀው፣ እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ ቁጥሩ እስኪረጋጋ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። 93 ወይም 94 ከሆነ ለሐኪም ይደውሉ፤ 92ና ከዚያ በታች ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር የማሳየት ዝንባሌ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ 97 ስላሳየ ብቻ አይዘናጉ፤ ትንሽ ጓል ሳንባ ላይ ደርሶም ኦክስጅኑ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል።

ፊት ወደ አንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ስትሮክ ነው ብለው ይነሡ። ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና የነበረበትን ሰዓት ይመዝግቡ፤ ጓሉን የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው ባብዛኛው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በመንገድ ላይ አስፕሪን አይስጡት፤ ስትሮኩ ከመድማት የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ያም የሚለየው በሲቲ ስካን ነው። ድንገት የቀዘቀዘ፣ የገረጣና የሚያም እጅ ወይም እግር፣ ከዚህ በፊት የማያውቁት ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ ደረትን ተጭኖ የሚይዝ ሕመምም እንደዚሁ ቀጠሮ የሚጠበቅላቸው አይደሉም።

ሆስፒታል ሲደርሱ

«አሞኛል» ከማለት ይልቅ ሦስት ነገር በቅደም ተከተል ይናገሩ፦ የቫይረሱ ሕመም መቼ እንደ ጀመረ፣ አዲሱ ምልክት በየትኛው ቀን እንደ መጣ፣ ከላይ ከዘረዘርናቸው አጋላጭ ነገሮች የትኛው እንዳለብዎት። የባት ልኬቱን ወረቀት ያሳዩ። በአዴኖቫይረስ ተሸካሚነት የተሠራ የኮቪድ-19 ክትባት (እንደ አስትራዜኔካ ያለ) በቅርብ ሳምንታት ወስደው ከሆነም ይንገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከታወቀው እጅግ አልፎ አልፎ ከሚከሰት የመርጋት ችግር ጋር ፕሌትሌት ስለሚቀንስ ሕክምናው ይለያል፣ ሄፓሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ መርፌም አይመረጥም።

ዲ-ዳይመር የተባለው የደም ምርመራ ሰዎችን ብዙ ያሳስባል። ዲ-ዳይመር ፋይብሪን ሲፈራርስ የሚቀር ስብርባሪ ነው። የተለመደው ወሰን በሚሊሊትር 500 ናኖግራም ሲሆን ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ዕድሜው በ10 ተባዝቶ ይወሰዳል፤ ለ70 ዓመት ሰው 700 ማለት ነው። ኢንፌክሽን በራሱ፣ እርግዝናም፣ ቀዶ ሕክምናም ቁጥሩን ስለሚያወጡት ከፍ ማለቱ ብቻ ደም ረግቷል አያሰኝም። ጥቅሙ በተቃራኒው ነው፦ ሐኪሙ መርምሮ ጥርጣሬው ዝቅተኛ ከሆነና ቁጥሩም ከወሰን በታች ከወጣ መርጋቱን ውድቅ ያደርጋል። ጥርጣሬው ከፍተኛ ከሆነ ዲ-ዳይመሩን ሳይጠብቅ ወደ ምስል ይሄዳል።

ለእግር ምስሉ አልትራሳውንድ ነው። ባለሙያው መሣሪያውን ደም መልሱ ላይ ጫን ያደርጋል፤ ጤናማው ሥር እንደ ለስላሳ ቱቦ ተጨፍልቆ ከስክሪኑ ይጠፋል፣ ጓል ያለበት ግን አይጨፈለቅም። የጭንና የጉልበት ጀርባ ደም መልስ ብቻ ታይቶ (የባት ሳይታይ) ደኅና ከተባለና ሕመሙ ከቀጠለ ከሳምንት በኋላ ይደገም። ለሳንባ ደግሞ በክንድ ደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣ ሲቲ ስካን ነው፤ ኩላሊትዎ ችግር ካለበት ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ አስቀድመው ይናገሩ።

መድኃኒቱን በትክክል መውሰድ

የደም ማቅጠኛ የረጋውን ደም አያሟሟም፤ እንዳያድግና አዲስ እንዳይሠራ ያግዳል፣ ማሟሟቱን ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይሠራዋል። ሕመሙ በ3ኛው ቀን ሲቀል መድኃኒቱን መተው ትልቁ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር ነው።

በኮቪድ-19 ሆስፒታል ለተኛ ሰው ለመከላከል ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ኢኖክሳፓሪን የተባለው የሄፓሪን ወገን መርፌ 40 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ የረጋ ደም ለማከም ግን በኪሎ 1 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ይሆናል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። መርፌውን ቤት ውስጥ የሚወጉ ከሆነ ከእንብርት ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ርቀው፣ አንድ ቀን በቀኝ አንድ ቀን በግራ ይቀያይሩ። ሙሉውን መጠን የሚወጉ ከሆነ በሲሪንጁ ውስጥ ያለውን የአየር አረፋ አያስወጡ፤ መድኃኒቱ እንዳይቀርበት የተተወ ነው። ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይያዙ፣ መርፌውን ቀጥ አድርገው ሙሉ በሙሉ ያስገቡ፣ ቀስ ብለው ይግፉ፣ መርፌው እስኪወጣ ቆንጠጡን አይልቀቁ። ከዚያ ቦታውን አይሹት፤ የሚበልዘው በመታሸቱ ነው።

በአፍ የሚወሰዱት ሁለቱ መድኃኒቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠናቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ግራ ያጋባሉ። ሪቫሮክሳባን ለ21 ቀን 15 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ 20 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ከምግብ ጋር ካልተወሰደ በበቂ ወደ ደም አይገባም። አፒክሳባን ለ7 ቀን 10 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ 5 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ከምግብ ጋር ግንኙነት የለውም። መጠኑ የሚቀየርበትን ቀን ካላንደር ላይ ያክብቡ፤ ከፍተኛውን መጠን ሳያውቁ መቀጠል ያደማል፣ ቀድሞ መቀነስ ደግሞ እንደገና ያረጋል። ሁለቱም ለነፍሰ ጡር አይሰጡም፤ ለእሷ የሚመረጠው የሄፓሪን መርፌ ነው።

በማቅጠኛ ላይ ሳሉ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የቀላ ሽንት፣ 10 ደቂቃ ይዘውት የማይቆም ነስር፣ ወይም ራስዎን ከተመቱ በኋላ የመጣ ራስ ምታት ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይሂዱ። ለሕመም አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ አይጨምሩ።

3 ወሩ ሲሞላ ሐኪሙ ሁለት ነገር ይመዝናል፦ መድኃኒቱ ይቁም ወይስ ይቀጥል፣ ጓሉስ የተወው ጠባሳ አለ? መርጋቱ ጊዜያዊ በሆነ ምክንያት፣ ለምሳሌ በከባድ የቫይረስ ሕመም ከመጣ ብዙውን ጊዜ ይቆማል። በዚያ ቀጠሮ ደረጃ ሲወጡ አሁንም የሚያለከልኩ ከሆነ ሳይሸሽጉ ይናገሩ፤ በሳንባ የደም ሥር የቀረ አሮጌ ጓል የልብን ቀኝ ክፍል ሊያስጨንቅ ስለሚችል ኢኮ የተባለው የልብ አልትራሳውንድ መታየት አለበት።